ሰባት ቁጥር ላይ የነበረው ስም

አርብ ገበያ
ጥቅምት 19 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእታለሜ ማንጠግቦሽ፣

ከሰላምታ በፊት ምስጋና ይቅደም፤ የላክሽው ሚሞሪ ካርድ ደርሶኛል። የአውቶቡሱ ረዳት በካልሲ የተጠቀለለ ነገር ሲሰጠኝ «እህትህ ብርዱን አስባልህ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ካልሲው የአንድ እግር ብቻ መሆኑን ያየሁት ቤት ገብቼ ነው። ሁለተኛውን ለሚቀጥለው ዕቃ አስቀምጠሽው ከሆነ እጠብቃለሁ።

እምዬ ደህና ናት። ዘንድሮ ጌሾዋ ተፈላጊ ሆኖላታል። ስለ ወንድማችን ስለ ታከለ ግን እስካሁን ወሬ የለም። «ሱዳንን አልፎ ሊቢያ ከገባ ይደውላል» እያለች አርብ አርብ ገበያዋን ስትጨርስ ስልክ ቤት ጎራ ትላለች። ስልክ የምታገናኘው ልጅ ገና ከሩቅ ስታያት ራሷን በአሉታ ትነቀንቅላታለች፤ እምዬም ከመንገድ ትመለሳለች።

ጌም ቤቱ እንዴት ነው ላልሽው፣ ያው አጎታችን እህል ያስቀምጥበት የነበረው ክፍል ነው። ቴሌቪዥኑ ቀይ ቀለም አያወጣም፤ ስለዚህ ዳኛው ቀይ ይስጥ ቢጫ የምናውቀው ተጫዋቹ ከሜዳ ሲወጣ ነው። ማጫወቻው ተገልብጦ ካልተቀመጠ ሲዲ አያነብም። ያለን ሲዲ አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ነው፤ በጥርስ ሳሙና እየወለወልኩ ነው እዚህ ያደረስኩት። የጆይስቲኩ ጎማ ሲያልቅ ከብስክሌት ካላማዳሪያ ቆርጬ ተካሁለት፤ ከድሮው ይሻላል የሚሉ ደንበኞች አሉኝ። ሕጋችን አንድ ነው፤ ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ይከፍላል። ሳንቲም ያልያዘ የገጠር ጎረምሳ እንቁላል ይዞ ይመጣል። እምዬ «እንቁላል የሚገብሩለት ዲያብሎስ ግቢዬ አስገባህ» ትለኛለች፤ እንቁላሉን የምትጠብሰው ግን ራሷ ናት።

ችግራችን መብራት ነበር። ሊጉን አጋምሰን ድርግም ሲል ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ደንበኛዬ አለበል ዋንጫ ሊበላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጠፍቶበት እንደ ሐዘንተኛ ሦስት ቀን አኩርፎ ተቀመጠ። አሁን በካርድሽ የጀመርነው ሁሉ ይቀመጣል፤ በሁለት እንቁላል የጀመረ ሰው ለሳምንት ቀጥሎ ይጨርሳል። ይህን ያህል ደስታ በዚህ ዋጋ የት ይገኛል?

ካርዱ ባዶ ነው ወይስ የተጻፈበት አለ ብለሽ ሁለት ጊዜ መጠየቅሽ ገረመኝ። አንቺ ጌም የምታውቂው ከመቼ ወዲህ ነው? አዎ፣ የተጻፈበት አለ። የአንዱን ቡድን አሥራ አንድ ተጫዋቾች የፈረንጅ ስም አጥፍቶ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የእኛን ሰው ስም ያስገባ አለ፤ ያውም የክርስትና ስም። ዲያቆን ፍሥሐን ታስታውሽው የለ፣ የቤተ ልሔሙን? አርብ አርብ ወረቀትና ቀለም ሊገዛ ሲመጣ «እኔ አያለሁ እንጂ አልጫወትም» እያለ አንድ ወንበር ይይዝብኛል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ስሞች አንብቦ ፊቱ ተለወጠ። «ሰው የክርስትና ስሙን ለጎረቤቱ እንኳ አይነግር። ይህ ሁሉ ሰው እንዴት እዚህ ላይ አፈሰሰው?» አለና ተነሥቶ ወጣ።

ሰባት ቁጥሩ ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። ጆይስቲኩ እሱ ላይ ሲሆን የሚደርስበት የለም። ስትለቂው ግን እንደ ሌሎቹ ወደ ቦታው አይመለስም። እየተራመደ ወደ ሜዳው ጥግ ይሄድና ባንዲራዋ ሥር ጀርባውን ሰጥቶን ይቆማል። ሲዲው ተጭሮ ነው ብዬ አሥር ጊዜ ወለወልኩት።

ካርዱን ከየት ገዛሽው? የስሞቹን ዝርዝር ለምን እንደፈለግሽው ባላውቅም በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፤ ወረቀቴ አልቋል፣ መብራትም መጥቷል።

ወንድምሽ ቢሻው


ባሕር ዳር
ጥቅምት 29 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቢሻው፣

ደብዳቤህን የልብስ ስፌቱ መኪና ላይ ዘርግቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሠሪዬ «የፍቅር ነው እንዴ?» አለችኝ። የካልሲህን ነገር ስነግራት እሷም ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ካርዱን ከየት ገዛሽው ላልከኝ፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ነው። የሰውየውን ስም አላውቅም፤ አሁን እዚያ ቦታ የለም። ጌም ከመቼ ወዲህ ታውቂያለሽ ላልከኝ ደግሞ አላውቅም። ስለማላውቅ ነው አንተን የምለምነው።

አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። ካርዱ ላይ ካሉት ስሞች አንዱንም እንዳትነካ። ለሽልማትም ቢሆን፣ ለቀልድም ቢሆን የደንበኛ ስም እንዳታስገባበት። አንተን ስለማውቅህ ነው። አሥራ አንዱንም ከላይ እስከ ታች በተራ በአማርኛ ጽፈህ ላክልኝ። ወረቀት አለቀ እንዳትለኝ፣ ባዶ ወረቀት ከዚህ ጋር አድርጌልሃለሁ።

ስለ ታከለ የሰማሁት የለም። እምዬን «በዚህ ብርድ ስልክ ቤት አትመላለሺ» በላት፤ ከተደወለ ልጅቷ መልእክተኛ ትልካለች። እግረ መንገዴን ልጠይቅህ፣ የታከለን የክርስትና ስም ታውቀዋለህ? በልጅነታችን ሰምቼው እንደሆነ ላስታውስ ብል እምቢ አለኝ። ድንገት ትዝ ብሎኝ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ስለ መዘግየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ጽፌ ጽፌ የቀደድኩት ከላክሁልህ ይበልጣል።

እህትህ ማንጠግቦሽ


አርብ ገበያ
ኅዳር 10 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእታለሜ፣

ይኸው በላክሽልኝ ወረቀት ላይ፣ በተራቸው፤ ኃይለ ሚካኤል፣ ገብረ ጻድቅ፣ ወልደ ሰንበት፣ ተክለ ኢየሱስ፣ ገብረ ኪዳን፣ ዘርዐ ቡሩክ፣ ወልደ አማኑኤል፣ ኪዳነ ማርያም፣ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ገብረ መስቀል፣ ወልደ ዮሐንስ። ዛሬ ጧት ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን አንድ በአንድ እያየሁ ነው የጻፍኩት። አልነካሁም።

የታከለን የክርስትና ስም አላውቅም። የአንቺንም አላውቅ፣ አንቺም የእኔን አታውቂ። የእሱን ግን ከሁላችንም አብልጣ ነው የደበቀችው። ከእሱ በፊት ሁለት ልጅ ቀብራ እሱም ሲወለድ ታሞባት ስለነበር፣ አንድ አዋቂ «የዚህን ልጅ ስም ከአፍሽ አታውጪ» ብለዋት ነው። ያጠመቁት ቄስም የክርስትና አባቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። እንግዲህ ስሙ ያለው እሷው ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። ምነው ፈለግሽው?

ጌም ቤቱ ሞልቷል፤ የሞላበት ምክንያት ግን ደስ አይልም። ሰባት ቁጥር ብቻ ነበር ጥግ የሚቆመው። አሁን እሱ መሐል ሜዳ ገብቶ ሌሎች አምስት ቆመዋል። በየሳምንቱ አንድ ሁለት ሰው ይጨመራል። ኳሱን ትተው ይሄዱና ባንዲራዋ ሥር ተጠጋግተው ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ፤ ዝናብ የሚጠለሉ ይመስላሉ። ተጋጣሚው ግብ ሲያገባባቸው እንኳ ዞር አይሉም። ተመልካቹም ጩኸቱን ያቆማል። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው እንደ ንፋስ ያለ ነገር ብቻ ነው። ሌላ ቡድን መርጠን ስንጫወት ሁሉም ደህና ነው፤ ግን ማንም ሌላ ቡድን መምረጥ አይፈልግም። ደንበኛችን ጓዴ ከወንዝ ማዶ ድረስ አክስቱን ይዞ መጣ፤ አክስቱ አይታ አማትባ «ምን ይጠብቃሉ?» አለችኝ።

ፍሥሐ ከዚያ ወዲህ ወደ ቤት አይገባም። ከደጅ ሆኖ ሰላም ብሎኝ ያልፋል።

እምዬ ስለ ስልክ ቤቱ የነገርሽኝን ስነግራት «እሷ ከተማ ሆና ብርዱን ምን አውቃው» አለች። አርብ ሄዳ ተመልሳለች።

ወንድምሽ ቢሻው


ባሕር ዳር
ኅዳር 24 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለቢሻው፣

ስሞቹ ደርሰውኛል። እግዚአብሔር ይስጥህ። ስትቸኩል ነገር ማበላሸት ልማድህ ነውና ሳትነካ ማቆየትህ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፣ አሥራ አንድ ናቸው። ማታ ማታ እያነበብኳቸው የትኛው የትኛው እንደሚሆን ልገምት እሞክርና እተወዋለሁ።

የሚቆሙትን ነገር ለሰው አታሳይ። ያንን ቡድን አትክፈተው። ምን ይጠብቃሉ ላለችው ሴት መልስ ያለኝ ይመስለኛል፤ ግን በደብዳቤ የሚሆን አይደለም።

ታኅሣሥ 6 ቀን አርብ ከሥራ ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ ረፋዱ ላይ የምሄድበት አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ይቀላል ብዬ አስባለሁ። ለጥምቀትም ካልሆነ ከጥምቀት በኋላ ወደ እናንተ እመጣለሁ፤ ብቻዬን አልመጣም። እምዬን «እንግዳ ይመጣልና ቤቱን ጥረጊ» አትበላት፣ ምንም አትበላት። መምጣቴንም አትንገር።

ሁለተኛውን እግር ካልሲ ልኬልሃለሁ።

ማንጠግቦሽ


አርብ ገበያ
ታኅሣሥ 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእታለሜ ማንጠግቦሽ፣

ይህን የምጽፍልሽ በይቅርታ ነው፤ ይቅርታውን ከላይ ያደረግሁት እስከ ታች ሳታነብቢ እንዳትቀጂው ብዬ ነው።

ቡድኑን አትክፈት ብለሽኝ ነበር፣ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ግን ቅዳሜ ነው። አርብ ገበያ ስለነበር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ከፍቼው ነበር። አሥሩ ተጫዋቾች ጥጉ ላይ ቆመዋል። የሚጫወተው ሰባት ቁጥር ብቻ ነበር፤ እሱ ከወር በፊት ጥጉን ለሌሎቹ ትቶ መሐል ሜዳ ገብቶ ነበር። ጆይስቲኩን የያዘው አለበል ነው። ረፋዱ ላይ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ግብ ጠባቂው ኃይለ ሚካኤል ከጥጉ ተነሥቶ መራመድ ጀመረ። መስመሩን አለፈና ከሜዳው ወጣ። ጨዋታው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ቀይ ካርድ ሳያይ የሚወጣ ሰው የለም። ትንሽ ቆይቶ ገብረ ጻድቅ ወጣ። ከዚያ ወልደ ሰንበት። በተራ፣ እታለም፣ እኔ በጻፍኩልሽ ተራ! እያንዳንዱ መስመሩ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ይላል፣ ደጀ ሰላም እንደሚሳለም ሰው። ስድስተኛው ወጣ። የሰባት ቁጥር ተራ ሲደርስ መስመሩ ድረስ ሄዶ ቆመ። አለበል «ኧረ ልጁ አልወጣ አለ» ብሎ ጆይስቲኩን ወረወረው። በዚያች ቅጽበት ከእግሬ ጀምሮ ብርድ ወጣብኝ፤ ወንዝ ውስጥ የገባሁ ያህል። ከዚያ ስምንተኛው እሱን አልፎት ወጣ፣ ዘጠነኛውም፣ ሁሉም። ሰባት ቁጥር ብቻውን ተመልሶ ጥጉ ላይ ቆመ።

ብርዱ እስካሁን አልለቀቀኝም። ሌላም ነገር አለ፤ እብድ እንዳትይኝ። ሰው ሁለት ጊዜ ካልጠራሁት አይሰማኝም። ትናንት በሩ ላይ ተቀምጬ ሳለ ጓዴ አጠገቤ መጥቶ ወደ ውስጥ እያየ «እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?» አለ። ክንዱን ስይዘው ጮኸ።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። አልነካሁም ያልኩሽ ውሸት ነው። አደራሽ ከመድረሱ በፊት፣ ካርዱ በመጣ በሳምንቱ፣ የሰባት ቁጥርን ስም አጥፍቼዋለሁ። ከሁሉም የሚሮጠው እሱ ስለሆነ የእኔ እንዲሆን ፈለግሁ። ቢሻው ብዬ ብጽፍ ደንበኛ ይስቅብኛል፤ የቀሩት አሥሩም በክርስትና ስማቸው ስለሆኑ እኔም የራሴን አስገባሁ። ወልደ አማኑኤል እኔ ነኝ። አንቺ ሳትነካ በማቆየትህ ደስ ብሎኛል ስትዪ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። የነበረው ስም ረጅም ነበር፣ ስም የሚጻፍበት ሳጥን አልበቃውም፤ በምን እንደሚጀምር እንኳ አላስታውስም። ሰባት ቁጥር፣ ሰባት ቁጥር ስል ስሙን ልብ ብዬ አላየሁትም። ፍሥሐን በመንገድ አስቁሜ ጠየቅሁት፣ እሱም ያየው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ብቻ ነው። «የማን ስም እንደሆነ ሳታውቅ ነው ያጠፋኸው?» አለኝ።

ታኅሣሥ 6 ረፋዱን የት ነበርሽ? ይህን ብቻ ንገሪኝ።

ቢሻው


ባሕር ዳር
ታኅሣሥ 22 ቀን 1999 ዓ.ም.

ወንድሜ ቢሻው፣

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ እኔ ሳውቅ ነው ይህ ሁሉ የመጣው። ዛሬ አልደብቅህም። ተቀመጥና አንብበው፤ እምዬ አጠገብህ ካለች ወጣ በል።

ታከለ የለም። ከሞተ ዓመት አልፎታል።

መስከረም ላይ ሙላት የሚባል የወገዳ ልጅ ስፌት ቤቱ ድረስ ፈልጎኝ መጣ። ከታከለ ጋር መተማ የነበረ ነው። አሥራ ሁለት ሆነው መኪና ሲጠብቁ ስምንት ቀን አንድ ቤት ተቀመጡ። ጎረቤቱ ጌም ቤት ነበር። ታከለ ጌም እንዴት እንደሚወድ ታውቃለህ፤ የያዟትን ሳንቲም አዋጥተው፣ ምሳ እየዘለሉ፣ በየተራ ተጫወቱ። ሙላት «እንደዚያ ስምንት ቀን ስቄ አላውቅም» ብሎኛል። በመጨረሻው ቀን አንዱ ነገር አነሣ። በረሃ ላይ ከቀረን ማን ይፈታናል? ስማችንን የሚያውቅ ቄስ የት አለ? ወረቀት ላይ ብንጽፍ ላብ ያጠፋዋል፣ ፈታሽም ይቀማናል አሉ። ያን ጊዜ ታከለ ይህን ካርድ በአንድ ቀን ምሳው ገዛና የሁሉንም የክርስትና ስም ተጫዋቾቹ ላይ ጻፈ። የተመለሰ ሰው ለቄስ ይስጥ ተባባሉ። አሥራ አንዱን አስቀምጦ የሙላትን ሊጀምር ሲል መብራት ጠፋ። በነጋታው ሙላት ወባ ጣለውና ካርዱን ተቀብሎ ቀረ። መኪናዋ ምድረ በዳ ላይ ቆማ ቀረች። ሬሳቸውን ያገኙ ሰዎች ወሬውን መተማ ድረስ ለሙላት አምጥተውለታል። የእያንዳንዱን የዓለም ስም ያውቃል፣ የክርስትናውን ግን ሁሉም ለታከለ በጆሮው ነበር የነገሩት።

እኔ ምን ነካኝ? መርዶ በወጉ፣ በሽማግሌ፣ በማለዳ የሚነገር ነው ብዬ፣ ከጥምቀት በኋላ ሙላትንና ሽማግሌዎችን ይዤ ልመጣ አሰብሁ። ፍትሐቱ ግን እንዳይዘገይ ፈለግሁ። እዚህ ጌም ቤት ገብቼ የስማቸውን ዝርዝር በጎረምሳ መሐል ቆሜ ማየት አቃተኝ። ስለዚህ አንተ ሳታውቅ እንድታነብልኝ አሮጌ ዕቃ ነው ብዬ ላክሁልህ። እውነቱን በመጀመሪያው ደብዳቤ ብነግርህ ኖሮ ጣትህ ያንን ስም ባልነካ ነበር። የአንተን ውሸት ያመጣው የእኔ ውሸት ነው።

ታኅሣሥ 6 ረፋዱን ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። የጻፍክልኝን ወረቀት ለቄሱ ሰጠኋቸው፤ ከላይ እስከ ታች በተራ እየጠሩ ፈቱ። ሰባተኛው ላይ ወልደ አማኑኤል ሲሉ ልቤ «ታከለ ይህ ነው» አለኝና እሪ ብዬ አለቀስኩ። ሰዎች ደግፈው ያዙኝ። ያለቀስኩት ለአንተ ነበር፣ ቢሻዬ። በሕይወት ያለ ወንድሜን በሙታን ጸሎት አስጠራሁ፣ የሞተው ሳይፈታ ቀረ።

ለቄሱ ሄጄ ተናዘዝኩ። «የቁም ተዝካሩን የሚያወጣ ሰው አለ፤ ለልጁ ጸሎት አይጎዳውም፣ ጠበል ይጠመቅ» አሉኝ። ስለ ታከለ ስጠይቃቸው ግን «ስሙ ያስፈልጋል» አሉ።

ስሙ ያለው እምዬ ዘንድ ብቻ ነው። እኔ እስክመጣ መርዶውን አትንገራት፤ ብቻዋን አትስማው። ስሙን ግን በዘዴ ጠይቃት፣ መንገደኛ ስለሆነ በጸሎት እንዲያስቡት ነው በላት። እስከዚያ ድረስ ጥጉ ላይ እንዲያ ቆሞ ይጠብቃል።

እህትህ ማንጠግቦሽ


አርብ ገበያ
ጥር 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእታለሜ፣

ሽማግሌዎቹን አታድክሚያቸው፤ አንቺ ግን ነይ። ድንኳን ተተክሏል።

እንዳልሽው በዘዴ ለመጠየቅ አራት ቀን ስዞር ከረምኩ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ታከለን እያሰብኩ ከጌም ቤቱ ኋላ እየሄድኩ አለቅሳለሁ፣ ፊቴን ታጥቤ እመለሳለሁ። ሰኞ እምዬ ጌሾ ስትወቅጥ አጠገቧ ተቀመጥኩና «እምዬ፣ የታከለን የክርስትና ስም ንገሪኝ እስቲ» አልኳት።

«ለምንህ?» አለችኝ።

«ቄስ ኃይሉ በጸሎት እንዲያስቡት። መንገደኛ ነው ብዬ።»

«እኔ ጧት ማታ በስሙ እያነሣሁት አይደለም ወይ? የእናት አይበቃም?» አለችና ሁለት ሦስት ጊዜ ወቀጠች። ከዚያ ዘነዘናው ቆመ። «ቢሻው፣ ቀና በል።»

ቀና አልኩ። ለካስ ጥያቄው ራሱ መርዶ ኖሯል። አራት ቀን ሙሉ ዘዴ ስፈልግ ይህ አልታየኝም፤ ሰው በሕይወት ላለ ልጅ ስሙን ብሎ እናቱን እንደዚያ አይለምንም። ፊቴን አየችው። ጌሾውን ከሙቀጫው ወደ ሰፌዱ ገለበጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ስሙንም ከሰጠኋችሁ እኔ ምን ይቀረኛል?» አለች።

«እምዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ካርዱን፣ መተማን፣ ሰባት ቁጥርን፣ የእኔን ስም። ጌሙን ምን ያህል እንደገባት አላውቅም። የገባት አንድ ነገር ነው፤ ልጇ ስሙን ጽፎት ነበር፣ እኔ አጥፍቼዋለሁ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥታ ነጠላዋን ወሰደች፣ ጥለቱን ወደ ላይ ዘቅዝቃ ለበሰች። ስከተላት «አንተ እዚሁ ሁን» አለችኝ። «ለአንተም አልነግርም፣ ለእህትህም አልነግርም። ለቄሱ በጆሯቸው እነግራለሁ።» ብቻዋን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ስትመለስ ከሩቅ ድምፅዋን ሰማነው፤ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ተቀበላት። መርዶው እንደ ወጉ አልሆነም፣ እታለም። ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ቄስ ኃይሉ በነጋታው ማክሰኞ ፈቱት። እኔንም እግረ መንገዳቸውን በጠበል ነከሩኝና «ሂድ፣ የቁም ተዝካርህን ጨርሰሃል፣ ከእንግዲህ ቀሎልሃል» ብለው ቀለዱብኝ። ከጠበሉ ወጥቼ መንገድ ላይ አለበልን ስጠራው በመጀመሪያው ዞር አለ። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም፤ አቅፌው አለቀስኩ፣ ለወንድሜ የማለቅስ መስሎት እሱም አለቀሰ።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርሽ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት የራሴን ስም ከሰባት ቁጥር ላይ ደምስሼ ቦታውን ባዶ ትቼው ነበር። ከዚያ ወዲህ ማጫወቻው አልተነካም፤ የጌም ቤቱ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው። ትናንት ሐሙስ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል እምዬ «ያን ሳጥን አሳየኝ» አለችኝ። አንድ ቀን እንኳ ገብታበት አታውቅም። ወንበር ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም። አበራሁት። ሜዳውን ሳይሆን የስሞቹን ዝርዝር ከፈትኩላት።

«ስንተኛው ነው?»

«ሰባተኛው፣ ከላይ።»

ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ከላይ ጀምራ ቆጠረች። እኔም ጣቷን ተከትዬ ባዶው ቦታ ሲደርስ ምን እላታለሁ እያልኩ ነበር። ባዶ አልነበረም። ፊደል ሞልቶበታል፣ እስከ ስሙ ሳጥን ጠርዝ ድረስ። ይህን ያህል ብቻ አይቼ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ተጽፏል?» አለችኝ።

«ተጽፏል።»

ምን ይላል ብላ አልጠየቀችኝም። እሷ ፊደሉን አታውቀውም፤ እኔ እንደ ጨፈንኩ ነበርኩ። ከአፏ የሆነ ነገር በጣም ቀስ ብላ ስትል ሰማሁ፤ እንዳልሰማው ጆሮዬንም በእጄ ያዝኩ። ትከሻዬን እስክትነካኝ ድረስ ጠብቄ፣ በዳበሳ ማጥፊያውን አግኝቼ አጠፋሁት።

ወንድምሽ ቢሻው